«ምንም የለብሽም» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ ስሙት

ዛሬ ስለ ልብ ልጽፍላችሁ ነው። የፍቅር ነገር አይደለም፣ ይቺን ደረታችን ውስጥ የምትመታዋን ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ማታ ጋደም ስንል «ልቤ ዘለለች፣ ቆም ብላ ድው አለች» እያልን በድንጋጤ እንነሳለን። እኔም እንደዚያው ነኝ። ከዚህ ነገር ጋር መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬን አልተውኩም፣ ሀገሬም አልተመለስኩም።

የምለው አንድ ነገር ነው። «ምንም የለብሽም» የመረመረሽ ሐኪም ሲልሽ መድኃኒት ነው። ማንም ሳይመረምርሽ ማዳም ስትልሽ ግን «ተነሺና ሥሪ» ማለቷ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ እንመርመር፣ ሐኪሙ ችግር የለውም ካለን በኋላ ደግሞ መፍራቱን እንተው። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው ያለው። ሳንመረመር እንፈራለን፣ ተመርምረንም እንፈራለን።

እኔ የምሠራው ኩዌት ነው። ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ማታ ማታ ዲዋንያ አለ። እንግዳው እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል፣ ሻይና ጋህዋ ይመላለሳል። በሀገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት እተኛና ልጆቹን ለትምህርት ቤት ለማዘጋጀት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ልቤ መዝለል የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። የሚገርመው ደረጃ ስወጣ ምንም የለም፣ ሥራ ጨርሼ ስጋደም ነው የሚመጣው። በግራ ጎኔ ስተኛ ደግሞ ይብሳል። ትመታ ትመታና ጸጥ ትላለች፣ ከዚያ አንዴ በኃይል ድው! እናቴ ሳታየኝ በሰው ሀገር ልሞት ነው እያልኩ ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማዳም «ከስላና» አለችኝ፣ ሰነፍ ማለቷ ነው። ትልቋ ልጇ ናት አዝናልኝ የሰፈሩ ሙስተውሰፍ የወሰደችኝ። ደረቴና እጅ እግሬ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢሲጂ አነሱኝ፣ ደምም ወሰዱ። ከዚያ ሆስፒታል ላኩኝና ልቤን በአልትራሳውንድ አዩት። በመጨረሻ ሆልተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ለ24 ሰዓት አሰሩልኝ፣ የእያንዳንዷን ምት የሚመዘግብ ነው። እሱን ልብሴ ስር ታጥቄ ነው ሦስቱንም ፎቅ ያጸዳሁት።

ሐኪሙ ውጤቱን እያሳየ ሲያስረዳኝ የገባኝን ልንገራችሁ። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ትመታለች። «አሁን ምቺ» የሚላት በላይኛው የቀኝ ክፍሏ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። አንዳንዴ ግን ሌላ ቦታ ያለ የልብ ክፍል ተራው ሳይደርስ ያዛል። ቦኖ ውሃ ላይ ተራዋ ሳይደርስ ጀሪካኗን የምታስገባ ሴት አታውቁም? እንደሷ ነው። ያ ቀድሞ የመጣው ምት ልብ በደም ሳትሞላ ስለሚመታ ብዙም አይሰማንም። ከዚያ ልብ ትንሽ ትቆያለች፣ በዚያች ቆይታ ደም በደንብ ይሞላባታል፣ የሚቀጥለው ምት ጠንከር ይላል። እኛ «ቆመች» የምንለው ያቺን ቆይታ ነው። «ድው» የሚለው ደግሞ ልባችን ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው። ያ ያስደነገጠን ምት የመመለሷ ምልክት ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ምት ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ አለ፣ አንዳንዱ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ልቡ ሌላ ችግር በሌለበት ሰው ላይ አልፎ አልፎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ማታ የሚብሰው ቤቱ ጸጥ ስለሚልና ሐሳባችን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በግራ ስንተኛ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለምትጠጋ ምቱ ጎላ ይላል። ፍርሃቱ ራሱም ያባብሰዋል። ስንደነግጥ ሰውነታችን የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፣ ልብ ይበልጥ ትዘላለች፣ እኛም ይበልጥ እንደነግጣለን።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ አትቆጡኝ። አንዷ «ልቤ ይዘላል» ስትል «ውይ፣ አንዲት ልጅ እንዲሁ ብላ ነው የሞተችው» እንላታለን። ሌላዋ «ቡዳ ነው» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ለራሷ የታዘዘላትን ኪኒን «ውሰጂው፣ ያረጋጋሻል» ብላ ታካፍላለች። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልብን ቀስ የሚያደርገው ኪኒን አስም ላለባት ሴት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ስንቶቻችን እናውቃለን? ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ እኔም አልተውኩም። ከእሱ ጋር ግን ኢሲጂም ይነሳ። የፈራችን ሴት በሞት ወሬ አናስተኛትም። «ተመርምረሻል ወይ? ምን አሉሽ?» ብለን እንጠይቃት።

መመርመር የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ሀገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በደንብ ሳይታከም ሲቀር የልብ በሮችን የሚያበላሽ በሽታ አለ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ሳታውቀው ይዛው የምትኖር ወጣት ሴት ብዙ ናት። ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም ልብን ያስመታሉ፣ እነሱ ግን በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ስለዚህ እኔን አይታችሁ «እሷም ምንም አልሆነችም» እንዳትሉ። የእኔ ኢሲጂ የእኔን ልብ ነው የሚያሳየው።

በተለይ እነዚህ ካሉ ነገ አትበሉ፦ ራስ መሳት ወይም ለመሳት መድረስ፣ ደረትን የሚጨምቅ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ ልብ በድንገት መሮጥ፣ ምቱ ለረጅም ጊዜ ዝብርቅርቅ ብሎ አልስተካከል ማለት፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖር። ራሳችሁን ከሳታችሁ ወይም ደረታችሁን ከጨመቃችሁ አምቡላንስ ይጠራ። ኩዌት 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998፣ ኳታር 999፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት። ሐኪም ጋ ስትደርሱ ዓረብኛው እንዳይጠፋችሁ፣ የልብ መምታት «ኸፈቃን»፣ ማዞር «ዶኻ»፣ ኢሲጂ «ተኽቲት ቀልብ» ይባላል። ማዳም አጠገባችሁ ቆማ ለእናንተ ከምትመልስ ራሳችሁ እነዚህን ሦስት ቃላት በሉ።

እሺ፣ ተመርምረን «ችግር የለውም» ተባልን እንበል። ልብ ግን መዝለሏን አታቆምም። ታዲያ እንዴት ይኖራል? እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ያዝኩ። የዘለለችበትን ቀን፣ የተኛሁትን ሰዓት፣ የበላሁትንና የጠጣሁትን እጽፍ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሳየው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የሚብስብኝ ዲዋንያው ባመሸ ማግስት፣ ምሳ ሳልበላ በዋልኩበት ቀን፣ እና ከሀገር ቤት ስለ ገንዘብ በተደወለልኝ ማታ ነው። ቤተሰቤን እወዳለሁ፣ የመጣሁትም ለእነሱ ነው። ግን «የቤት ኪራይ ደርሷል፣ ወንድምሽ ከትምህርት ሊቀር ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ የሚተኛ ልብ የለም። አሁን የገንዘብ ወሬ ዓርብ ቀን በብርሃን እንዲሆን ነግሬያቸዋለሁ። ማታ ሰላምታ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከፍቷቸው ነበር፣ አሁን ለምደውታል።

ውሃ ሁለተኛው ነው። በጋ ላይ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሲጠጋ ጣራ ላይ ወጥታችሁ ስታጥቡ ላብ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነው የሚወጣው። ጠርሙሴን ከመጥረጊያው ባልዲ ጋር ይዤ ነው የምዞረው። ቁርስ ሳልበላ ሥራ አልጀምርም፣ ሙዝ ወይም ተምር ካለ እሱንም እበላለሁ። ተቅማጥና ትውከት ከያዛችሁ ደግሞ ለልብ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ስለሚወጣ ዝም አትበሉ።

ቡናን በተመለከተ ሐኪሙ ጨርሰሽ ተዪ አላለኝም፣ «ሲያስነሳብሽ ካየሽ ቀንሺ» ነው ያለኝ። እኔን ጠዋት ምንም አያደርገኝም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ወፍራም ሻይም ቡናም አይስማማኝም። እንቅልፍ ለማባረር የሚጠጣውን የኢነርጂ መጠጥ ግን ልቧ የሚዘል ሴት ባትነካው ይሻላታል። ሺሻም ያው ነው። ለጉንፋን ከፋርማሲ የሚገዛ አፍንጫ የሚከፍት ኪኒንም ልብን ሊያስመታ ስለሚችል ስትገዙ ንገሯቸው።

ስትዘል ደግሞ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ በአፌ እስከ 6 እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አወጣለሁ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ካልሆነ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ እራመዳለሁ፣ ብዙ ጊዜ ልብ ፈጠን ስትል ዝላዩ ይጠፋል። የማላደርገው ነገር ቢኖር ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ስቆጥር ማደር ነው። ሌሊት በስልክ ስለ ልብ በሽታ ቪዲዮ ማየትም የለም። «እሷ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ታልፋለች» እላለሁ። ታልፋለችም።

ትልቁ መድኃኒት ግን እንቅልፍ ነው፣ እሱ ደግሞ በእጃችን አይደለም። አውቃለሁ፣ «አንቺ ምን አለብሽ፣ እኔ ጋ በሩ ይቆለፋል» የምትለኝ አለች። እውነቷን ነው። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 አይበልጥም፣ የሳምንት እረፍት አለ፣ ማሳከምም የአሠሪ ግዴታ ነው። ኳታር በ2017 ባወጣችው ሕግ 10 ሰዓት ነው። ወረቀቱና ቤቱ እንደማይገናኙ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ማዳምን ልክሰስ አላልኩም። ግን የሐኪሙን ወረቀት ይዤ እረፍት ስጠይቅ ልመና እንዳልሆነ አውቄ ነው የጠየቅኩት። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዲዋንያ ባለበት ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል እንድተኛ ተስማማች። በቂ አይደለም፣ ግን ልቤ ልዩነቱን አውቃዋለች። የማይፈቀድላት እህት ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሰው ትንገር፣ ለማዳም ልጅ፣ ለሹፌሩ፣ ለመክተቡ፣ ለጓደኛዋ። ሕመሟን ማንም የማያውቅላት ሴት ናት በጣም የምታሳዝነኝ።

ቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሽማግሌያቸውን የምንጠብቅ እኛ ነን። ከፊታቸው አንድ ጠብታ ላብ ስናይ ፓናዶልና ውሃ ይዘን የምንሮጠው እኛ ነን። ለራሳችን ልብ አንድ ኢሲጂ ብንጠይቅ በዛ? ጠይቁ እህቶቼ። ሐኪሙ «ምንም የለብሽም» ካላችሁ ደግሞ እመኑትና ተኙ።

ጤናውን ይስጠን፣ ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።