የተደበቀው በርና የተደበቀው ደመወዝ

ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በሆንግ ኮንግና በሌሎችም የገንዘብ ከተሞች አንድ ዓይነት መጠጥ ቤት ተስፋፍቶ ይገኛል። በበሩ ላይ ስም የለም፤ መስኮቱ ተጋርዷል፤ እንግዳው የሚገባው አንዳንዴ በመጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ፣ አንዳንዴም በሌላ ንግድ ቤት ጓዳ በኩል ነው። በኒው ዮርክ በ2007 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው «ፕሊዝ ዶንት ቴል»፣ ማለትም «እባክህ ለሰው አትንገር» የተባለው ቤት፣ መግቢያው በአንድ የቋሊማ ሳንድዊች መሸጫ ውስጥ የቆመ የስልክ ሳጥን ነው። እንግዳው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የስልኩን እጀታ ያነሣል፤ ከወዲያ በኩል ሰው ይመልስለታል፤ ቦታ ካለ የሳጥኑ የኋላ ግድግዳ ይከፈትለታል። ከውስጥ የሚቀርበው ከአረቄ፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከመራራ ቅመም የተቀላቀለው ኮክቴል ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ ዛሬ ወደ 20 ዶላር ይጠጋል።

እነዚህ ቤቶች «ስፒክኢዚ» ይባላሉ። «ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር» እንደ ማለት ነው። ይህ ነገር ለሠራተኛውና ለሰፈር ማኅበር አባል ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም የቤቶቹ ታሪክ ከሥሩ ሲመረመር፣ አንድ ሕግ በማን ላይ እንደሚጠብቅና ለማን እንደሚላላ በግልጽ ያሳያል። ብዕራችንን ያነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእገዳው በፊት የአሜሪካ ወዛደር መጠጥ ቤት «ሳሉን» ይባል ነበር። በሩ ወደ ጎዳና የተከፈተ፣ ማንም ገፍቶ የሚገባበት ቤት ነበር። ቢራ የገዛ ሠራተኛ በብዙዎቹ ሳሉኖች ምሳውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይበላል፣ የደመወዝ ቼኩን ይመነዝራል፣ የትኛው ፋብሪካ ሰው እንደሚፈልግ ይጠይቃል። የራሳቸው አዳራሽ ያልነበራቸው የሠራተኛ ማኅበራትም በጓሮው ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። ይህን ስንል ሳሉኑን ማሳመራችን አይደለም። የሳምንት ድካሙን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለስ አባወራ ብዙ ነበር፤ መጠጥ ይከልከል ብለው አደባባይ የወጡት እናቶችም የልጆቻቸው ዳቦ አስጨንቋቸው ነው። ነገር ግን በ1893 በኦሃዮ የተመሠረተው የፀረ ሳሉን ማኅበር ከአብያተ ክርስቲያናት መዋጮ በተጨማሪ እንደ ሮክፌለር ያሉ የታላላቅ ከበርቴዎች ገንዘብ ነበረው። ሄንሪ ፎርድም በ1914 የቀን ደመወዝን 5 ዶላር ሲያደርስ፣ ሠራተኛው እንዴት እንደሚኖር፣ ይጠጣም እንደሆነ የሚመረምሩ ሰዎችን ወደ ቤቱ ይልክ ነበር። የእናቲቱ ፍላጎትና የባለ ፋብሪካው ፍላጎት ለጊዜው በአንድ መንገድ ተጓዙ። እርሷ የምታስበው ስለ ልጆቿ ነው፤ እርሱ የሚያስበው ሰኞ ጠዋት እጁ የማይንቀጠቀጥ ሠራተኛ ስለ ማግኘት ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 18ኛ ማሻሻያ በጃንዋሪ 1919 ጸድቆ ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ውስጥ ሊጤን የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። መጥመቅ፣ መሸጥና ማጓጓዝ ተከለከለ፤ መጠጣት ግን አልተከለከለም። ከዕለቱ በፊት ገዝቶ በቤቱ ያከማቸ ሰው በሕግ ፊት ንጹሕ ነው። ታዲያ የአሥር ዓመት መጠጥ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ምድር ቤት የሚያስቀምጥ ማን ነው? የዶክ ሠራተኛው ነውን? በኒው ዮርክ የሚገኘው የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ክለብ ለ14 ዓመት የሚበቃውን አስቀድሞ ከምሮ ነበር። እገዳው የቆየው 14 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመሆኑ የክለቡ ገዢ ስሌቱን አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሳሉኖቹ ተዘጉ፤ በእነርሱ ምትክ የተደበቁት ቤቶች ተፈለፈሉ። በ1929 የኒው ዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር ግሮቨር ዌለን ቁጥራቸውን 32,000 ብለው ገምተዋል። እነዚህ ቤቶች ግን አንድ ወጥ አልነበሩም። ከ1930 መጀመሪያ ጀምሮ በምዕራብ 52ኛ ጎዳና ቁጥር 21 የነበረውን ክለብ እንመልከት። ፖሊስ ሲመጣ አንድ ማንሻ ይጎተትና መደርደሪያው ተገልብጦ ጠርሙሱ ሁሉ ወደ ፍሳሽ ቦይ ይወርዳል። ዋናው ክምችት ግን በጎረቤቱ ቤት፣ በቁጥር 19 ምድር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ መስሎ በተሠራ ሁለት ቶን ተኩል በሚመዝን በር ጀርባ ነበር። በሩ የሚከፈተው ቀጭን ሽቦ በአንዲት ስንጥቅ ሲገባበት ብቻ ነው። መጠጡ በሌላ ቁጥር ሥር ስለሆነ አሳላፊው «በዚህ ቤት መጠጥ የለም» ብሎ ቢምል ሐሰት አይሆንበትም። የከተማዋ ከንቲባ ጂሚ ዎከር ራሳቸው በዚያው ምድር ቤት የግል ማዕዘን እንደነበራቸው ይተረካል። በ1932 ፖሊስ ገብቶ ሲበረብር ያገኘው ነገር አልነበረም።

በአንጻሩ በቤድፎርድ ጎዳና ቁጥር 86 በ1922 አንድ የአንጥረኛ ሱቅ ወደ ድብቅ መጠጥ ቤት ተለወጠ። የከፈተው ሊላንድ ቸምሊ «የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች» በተባለው ማኅበር ውስጥ የተሳተፈ ሰው ነበር። በሃርለም ደግሞ ከደቡብ የፈለሱት ጥቁር ሠራተኞች የቤት ኪራይ ሲጨንቃቸው በመኖሪያቸው ግብዣ ያዘጋጁ ነበር። እንግዳው በበር ላይ ሳንቲም ይከፍላል፤ ፒያኖ ይመታል፤ ቤት የተጣለ መጠጥ ይቀዳል፤ ሲነጋ ኪራዩ ይከፈላል። እነዚህ በራቸውን የደበቁት ጨዋታ አምሯቸው አልነበረም። እዚያው ሃርለም ውስጥ የወንበዴው ኦውኒ ማድን ንብረት የነበረው «ኮተን ክለብ» ግን የሚዘፍኑትና የሚጨፍሩት ጥቁሮች፣ ተቀምጠው የሚመለከቱት ነጮች የሆኑበት ቤት ነበር።

ወደ መርዙ እንምጣ። ለኢንዱስትሪ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ መርዝ ይጨመርበት ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት በ1926 ማብቂያ ላይ የሜቲል አልኮሉ መጠን እስከ ከመቶ አሥር ድረስ ከፍ እንዲል አደረገ። ሰዎች እየሰረቁና እያጣሩ እንደሚጠጡት እያወቀ ነው ይህን ያደረገው። የኒው ዮርክ ከተማ ዋና የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ቻርልስ ኖሪስ ሬሳ እየቆጠሩ መንግሥትን በአደባባይ ወቀሱ፤ የሚሞቱት ደኅና መጠጥ ለመግዛት አቅም የሌላቸው መሆናቸውንም አስረዱ። በ1930 ደግሞ «ጄክ» በተባለ፣ በመድኃኒት መደብር በሳንቲም በሚሸጥ የዝንጅብል ቅምር ውስጥ የቦስተን ሁለት ነጋዴዎች መርማሪን ለማታለል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ቀላቀሉበት። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ፤ አብዛኞቹ ድኾች ነበሩ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ የተፈረደባቸው የገንዘብ መቀጮና በገደብ የታለፈ የሁለት ዓመት እሥራት ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1928፣ በሚሺጋን ግዛት የአሥር ልጆች እናት የሆነች ሴት በተደጋጋሚ ጥፋተኛነት ተከስሳ፣ ግማሽ ሊትር ለማይሞላ ጂን የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈርዶባት ነበር። ፍርዱ በኋላ ቢቀነስላትም ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

እገዳውስ እንዴት ተነሣ? የሕዝቡ ምሬት፣ የወንበዴው መበራከትና የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ለመሻሩ ዘመቻ ገንዘብ ያፈሰሱት እነ ፒየር ዱፖን በግልጽ ያሰሉት ሌላ ጉዳይ ነበር፤ የመጠጥ ቀረጥ ቢመለስ የባለጸጋው የገቢ ግብር ይቀልላል። ትንሹ ሮክፌለርም በ1932 እገዳው ይሻር ብለው በደብዳቤ አስታወቁ። ዲሴምበር 5 ቀን 1933 እገዳው ተሻረ። ሠራተኛው ቢራውን መልሶ አገኘ፤ በየብርጭቆው ቀረጡን እየከፈለ።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ቤቶች እንመለስ። ለአዲሱ ፋሽን በር ከፋች ተደርጎ የሚቆጠረው በ1999 የመጨረሻ ሌሊት በኒው ዮርክ ኤልድሪጅ ጎዳና ላይ የተከፈተው «ሚልክ ኤንድ ሃኒ» ነው። ባለቤቱ ሳሻ ፔትራስኪ ምልክት አልሰቀለም፤ የስልክ ቁጥሩንም በማውጫ ውስጥ አላስገባም። አለመጮኽ፣ ሴቶችን አለማስቸገር፣ ሲወጡም ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ በጸጥታ መሄድ የቤቱ ደንብ ነበር። በእኛ ግምት ይህ ሰው በ2015 ሲሞት ለሙያው የሚበጅ ነገር ትቶ አልፏል። የባር ሠራተኛውን ጠርሙስ ገልባጭ ብቻ ከመሆን አውጥቶ በልክ የሚሰፍር፣ ሎሚውን በየማታው የሚጨምቅ፣ በረዶውን በእጁ የሚፈልጥ ባለሙያ አድርጎታል። እርሱ በሩን የሸሸገው የተኛ ሰው እንዳይነቃ ነው።

ተከታዮቹ ከዚህ ሁሉ መርጠው የወሰዱት በሩን ነው። የጎረቤቱ እንቅልፍ ቀረ፤ የሚስጥር ቃል፣ የውሸት መደርደሪያና የ1920ዎቹ ባርኔጣ መጣ። የኖሪስ ሬሳዎችና የሃርለም የኪራይ ጭንቀት ሳይነሡ «የእገዳው ዘመን» ጌጥ ሆኖ ተሸጠ። የአገራችን ጠላ ሻጭ እናት እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች፤ መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ አይቶ እንዲገባላት ነው፤ በገበያው ልትኖር ነዋ! በእነዚህ ቤቶች ግን ሚስጥሩ ራሱ ሸቀጥ ነው። ገዢው ሌላው ሰው በማያውቀው ቦታ በመቀመጡ ደስ ይለዋል፤ ለዚህም ይከፍላል። በሩን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፣ አድራሻውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያግደው የዋጋው ዝርዝር ነው። የቸምሊ ቤት እንኳ በ2007 ግድግዳው ተደርምሶ ከተዘጋ በኋላ በ2016 ሲከፈት ውድ ምግብ ቤት ሆኖ ነበር። በ2020 እርሱም፣ ቁጥር 21ም ተዘጉ።

በእነዚህ ቤቶች በእውነት የተሸሸገ ነገር ካለ የሚገኘው ከባንኮኒው ወዲያ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት እንዲከፍለው የሚገደደው ዝቅተኛ ደመወዝ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ይህ መጠን ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ጉርሻው ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። የሚበልጥ የሚከፍሉ ክፍለ ግዛቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ካሊፎርኒያ ልዩነቱን ጨርሶ አትቀበልም። በፌዴራሉ መጠን በሚከፈልባቸው ዘንድ ግን የአንድ ኮክቴል ዋጋ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ የሚሠራበት መነሻ ደመወዝ ነው። በዚህ ሥርዓት አስተናጋጇ የምትከፈለው በእንግዳው ፊት መልካም ሆና በመታየቷ ነው፤ የሰከረ እንግዳ ክብሯን ሲነካ ዝም ካላለች የምታጣው ዳቦዋን ነው። ከእርሷ በስተጀርባ፣ ጉርሻ በማይደርስበት ማጠቢያ ዘንድ፣ ብርጭቆ የሚያጥበው ሠራተኛ አለ፤ በብዙ ቤቶች ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን ከተማ በምግብ ቤት፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። የዚያች ከተማ መራጮች በ2018 ባለ ጉርሻው ሠራተኛ እንደ ሌላው ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈለው ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ዳግመኛ በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ፤ ጭማሪውም በ2023 ተጀመረ። የምግብና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ዋጋ መወደዱንና ቤቶች መዘጋታቸውን እየጠቀሱ አቤት አሉ፤ ሠራተኞቹም እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ፣ ጉርሻችን ይቀንሳል ብለው የፈሩ ነበሩና። በ2025 ምክር ቤቱ የሕዝቡን ውሳኔ እንደገና አሻሽሎ፣ ደመወዙ ቀስ እያለ ቢያድግም ከሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል እንዳይሆን አደረገ። በየሁለት ሳምንቱ የደመወዝ ወረቀታቸውን የሚቀበሉት ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።