«አንተ ይገባሃል» ማለት አይበቃም

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን የሬዲዮ ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ እንማራለን። የቴሌቪዥኑም ቢሆን ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ምስሉን በአንድ ወገን፣ ድምፁን በሌላው ማስፈር ለማናችንም አዲስ አይደለም። የኮሚክስ ማለትም የሥዕል ታሪክ ነገር ሲነሣ ግን ሥርዓቱ ሁሉ ይጠፋል። ብዙዎቻችን ታሪኩን እንደ አጭር ልቦለድ እንጽፍና ለሚሥል ጓደኛችን ሰጥተን «ያው አንተ ይገባሃል» ብለን እንሄዳለን። እኔ ይሄ ልማድ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ለምን? እስቲ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ደረጃ ታሪክን በሥዕል ተርታ መንገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በትናንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው የሚያሳዩትን ባህላዊ ሥዕሎች ያላየ የለም፤ ብዙዎቹም 44 ሳጥን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ስለዚህ የቸገረን የሥዕሉ ባህል ሳይሆን የአጻጻፉ ሥርዓት ነው።

እንደ ፊልም ስክሪፕት ሁሉም የተስማማበት አንድ ወጥ ፎርም በኮሚክስ ዓለም የለም። ይሁንና ሁለት መንገዶች በሰፊው ይታወቃሉ። አንደኛው «ሙሉ ስክሪፕት» ነው። ጸሐፊው እያንዳንዱን ገጽ በሳጥን ከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ የሚታየውንና የሚነገረውን ሁሉ አስቀድሞ ይጽፋል። እንግሊዛዊው አለን ሙር እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ለታተመው «ዋችሜን» ለሠዓሊው ለዴቭ ጊበንስ የጻፈው የመጀመሪያው እትም ስክሪፕት ብቻ ከ100 ገጽ በላይ እንደነበረ ይነገራል። ሁለተኛው «የማርቬል ዘዴ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታን ሊ አጭር የታሪክ ሐሳብ ለሠዓሊው ይሰጣል፣ ወይም በቃል ያወራዋል። እነ ጃክ ከርቢና ስቲቭ ዲትኮ ገጹን ራሳቸው ከፋፍለው ይሥላሉ። ንግግሩ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ ዘዴ ፈጣን ነበር፤ ስፓይደርማንም የተወለደው በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን «ታሪኩን የፈጠረው ማን ነው?» የሚለው ጭቅጭቅ ለአሥርተ ዓመታት አልበረደም። ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1994 ካረፈ በኋላ ወራሾቹ በባለቤትነት መብት ጉዳይ ከማርቬል ጋር ፍርድ ቤት ተካሰው ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ2014 ነው። በቃል የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም። «የቃል ይረሳል፣ የጽሑፍ ይወረሳል» ይሉ የለ!

ታዲያ እንዴት እንጻፍ? ነገሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የገጹ ቁጥር፣ የሳጥኑ ቁጥር፣ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ፣ ከዚያ ማን ምን እንደሚል በቅደም ተከተል ማስፈር ነው። ከተራኪው የሚመጣው ጽሑፍና ድምፅ (የበር ጓጓታ፣ የመኪና ጡሩምባ) ለየብቻ ይጻፋሉ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ አስቀድሞ የሚናገረው ሰው በስተግራ ቢቆም ይመረጣል። በመጽሐፍ የሚታተም ከሆነ ደግሞ አንባቢውን የሚያስደነግጠው ነገር ጎደሎ ቁጥር ባለው ገጽ ላይ አይቀመጥም። ያ ገጽ በስተቀኝ ስለሚውል ዐይን ቀድሞ ያየዋል፤ ገጹ ሲገለጥ በሚመጣው ሙሉ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይጠብቀውም።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ገልብጠን የማንዘልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ እነሱ የተናጋሪውን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፈው ይለዩታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ስሙን ማስመር ወይም ለብቻው በአንድ መስመር ማስቀመጥ ይኖርብናል። ሁለተኛው የቋንቋችን ጠባይ ነው። «ሰውየው ደንግጦ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ወጣ» ብንል በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሠዓሊ ግን አራት ሥዕል ነው! አንድ ሳጥን የሚይዘው አንድ ቅጽበት ነው። ሲደነግጥ ይሣል ወይስ ሲወጣ? ጸሐፊው ካልወሰነ ሠዓሊው ይወስናል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዋናው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በልቦለድ ቢሆን ሠዓሊው ከራሱ ቢጨምር ምንም አይደለም። በዘገባ ግን ይለያል። ጆ ሳኮ «ፓለስታይን» በሚለው ሥራው የኮሚክስ ዘገባን ለዓለም ያስተዋወቀ ጋዜጠኛ ነው፤ እሱ የሚዘግበውም የሚሥለውም ራሱ ነው። እኛ ጋ ግን አንዱ ይዘግባል፣ ሌላው ይሥላል። ዘጋቢው «በወረፋው ላይ ግርግር ተነሣ» ብሎ ቢጽፍና ሠዓሊው አንድ ፖሊስ ዱላ አስይዞ ቢሥል ምን ይባላል? ፖሊሱን ማንም አላየው፣ ማንም አልጻፈው። አንባቢው ግን አየው። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ማስተባበያ የሚያስወጣ ስሕተት ነበር።

ስለዚህ ለዘገባ በምንጽፈው ስክሪፕት ላይ ከየሳጥኑ ሥር አንድ መስመር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፦ «ምንጭ»። ለምሳሌ፦

ገጽ 3፣ ሳጥን 2
ሥዕል፦ የታክሲ ወረፋ፣ ማለዳ። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለዋል።
እናት፦ «ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»
ምንጭ፦ ንግግሩ ከተቀዳ ቃለ መጠይቅ፣ ቦታው ከፎቶ፣ ልብሳቸው በግምት።

«በግምት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። መገመት ነውር አይደለም፤ መገመትን መደበቅ ነው ነውሩ።

አንዳንድ ሥዕል የሚችሉ ጓደኞቼ «ይሄ ሁሉ ዝርዝር እጃችንን ያስረዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው። መቶ ገጽ ይጻፍ አላልኩም። ከየት አቅጣጫ እንደሚታይ፣ ፊቱ ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ የሠዓሊው ሙያ ስለሆነ ለእሱ ይተው። ማን እንዳለ፣ ምን እንደሆነና ምን እንደተባለ ግን የዘጋቢው ኃላፊነት ነው። እንዲያውም ሥርዓት ያለው ስክሪፕት ሠዓሊውን ይጠቅመዋል፤ ከራሱ ያመጣው ነገር ከጸሐፊው ተለይቶ ስለሚታይ ስሙ ከሥራው እኩል ሊጻፍለት ይችላል። ዛሬ በየግድግዳ ጋዜጣው ስንቱ ሥዕል ያለ ስም ይለጠፋል?

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን መምህራን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። አዲስ ኮርስ ይከፈት አልልም። ከሬዲዮውና ከቴሌቪዥኑ ስክሪፕት ቀጥሎ የአንድ ገጽ ናሙና ይሰጠን፣ አንድ ክፍለ ጊዜም እንለማመድበት። እስከዚያው ግን እኛው በእኛው ልንጀምረው እንችላለን። የምትሥሉም የምትጽፉም ተማሪዎች፣ በዚህ ሐሳብ የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል። ቸር ይግጠመን!