የአምልኮ ቦታ በሕግ እንጂ በችሮታ አይሰጥ



በምርጫ ሰሞን ስለ ሃይማኖት መናገር ለፓርቲ አያዋጣም ይባላል። አብላጫው ሕዝብ የአንድ እምነት ተከታይ በሆነበት አካባቢ ስለ ጥቂቶቹ መብት መሟገት ድምፅ እንደሚያሳጣ ወዳጆቻችን ሳይቀሩ መክረውናል። በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በዞናችን በደቡብ ጎንደር ከ100 ሰው 96 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ወደ 4 የሚጠጋው ሙስሊም መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሒሳቡን እናውቀዋለን። ነገር ግን መብት በቁጥር ብልጫ የሚታደል ከሆነ መብትነቱ ቀርቶ ችሮታ ይሆናል። ችሮታን ደግሞ ሰጪው በፈለገ ጊዜ መልሶ ይነጥቀዋል።

«ተቻችለን የኖርን ሕዝብ ነን» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደገማል። ሐሰት ነው አንልም። በሠርጋችን የሙስሊም እንግዶች ድግስ በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻው ይሰናዳል፤ በገበያ አብረን እንውላለን፤ በለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሳ የየጁ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የዘር ሐረጋቸው ከሙስሊም ቤተሰብ እንደሚመዘዝ ይነገራል። በአጠገባችን ባለችው ጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩትም የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ባለሙያዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ታሪካችን ይህ ብቻ አይደለም። በ1660 ዓ.ም ገደማ፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ የጎንደሩ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዝዘዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ለሙስሊሞች እኩልነት በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ግን ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። እንዲህም ሆኖ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም ነው። መቻቻል በንግግር ብቻ የሚጸና ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ባልፈጀ ነበር።

የቅርቡንም እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም በዚሁ በዞናችን በእስቴ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶች ነደዋል፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወድመዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቋል። ከቀናት በኋላ በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ2003 ዓ.ም በጅማ ዞን በአሰንዳቦ አካባቢ የእሳቱ ሰለባ የሆኑት የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። እዚህ አብላጫ የሆነው እዚያ አናሳ ነው። የጎረቤቱን መስጊድ የሚጠብቅ ሕግ ያልቆመለት ክርስቲያን፣ በሌላ ክልል ለሚኖረው ልጁ ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሕግ ከየት ያመጣል?

የጎንደሩን ነገር በጥሞና ያየ ሰው አንድ ቁም ነገር ያገኛል። የመቃብር ሥፍራው ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚዋሰን፣ ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የቆየ ቦታ ነበር። የወሰን ክርክር በወቅቱ ቢዳኝ ኖሮ የሚያልቀው በካርታና በችካል ነበር። ሳይዳኝ ሲከርም ግን የሚቆጣጠረው ወሬ ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን፣ አንቀጽ 11 የመንግሥትና የሃይማኖትን መለያየት ይደነግጋሉ። በአንቀጽ 40 መሠረት ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለአምልኮ ቦታ የሚሰጠውን የከተማ መሬት በካቢኔ ውሳኔ በምደባ እንዲሰጥ አድርጎታል። እንግዲህ ሰው የማምለክ መብቱን ከሕገ መንግሥቱ ቢያገኝም፣ የሚያመልክበትን መሬት የሚጠብቀው ከባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ነው ማለት ነው። አመልካች «ነገ ተመለስ» እየተባለ ዓመታት ይመላለሳል፤ እምቢታውም እሺታውም በጽሑፍ አይሰጠውም። ይህ ሙስሊሙንና ፕሮቴስታንቱን ብቻ የሚጎዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 ዓ.ም አዋጅ ሲወረስ ያየ ሁሉ፣ በሹም ፈቃድ ላይ የቆመ ይዞታ አብላጫውንም እንደማያስተማምን ያውቃል።

በመሆኑም ድርጅታችን ከተመረጠ የሚከተሉትን ይፈጽማል።

አንደኛ፣ ለአምልኮና ለመቃብር ቦታ የሚቀርብ ማመልከቻ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምክንያቱ የተገለጸበት የጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ፣ ቅር የተሰኘም ለፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል በሕግ ይደነግጋል።

ሁለተኛ፣ የከተማ ማስተር ፕላን ሲዘጋጅ ለሁሉም እምነቶች የአምልኮና የመቃብር ቦታ አስቀድሞ እንዲከለል ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ነባር የአምልኮና የመቃብር ቦታዎች ሁሉ፣ የገዳማትና የአድባራት ይዞታ ጭምር፣ ወሰናቸው አዋሳኞች ባሉበት ተለክቶ የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጣቸዋል።

አራተኛ፣ የአምልኮ ቦታ ያቃጠለ ሁሉ እምነቱ ሳይታይ በግልጽ ችሎት ይዳኛል፤ ጥበቃ ሳያደርግ የቀረ ሹምም ይጠየቃል።

እኛም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። እሳት በተነሳ ማግስት መግለጫ ከማውጣት አልፈን ስለ መሬቱ ጥያቄ አፋችንን ሞልተን አልተናገርንም። ድምፅ እንዳናጣ ፈርተን ነበር። ዛሬ ግን በማኒፌስቶአችን ጽፈን በፊታችሁ አቅርበነዋል።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ሲባል አድገናል። አገር የጋራ ከሆነ መሬቱም የጋራ ነው፤ የመቀበሪያው ስንዝር መሬት ጭምር። ይህን የምታምኑ ሁሉ ድምፃችሁን ስጡን። የማታምኑም ብትሆኑ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ወደ ስብሰባችን ኑ፤ እንመልሳለን።