የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!

በሽተኛው ሐኪም ፍለጋ፣ ሐኪሙ ሥራ ፍለጋ

ለመሆኑ አንድ ሙያ በአገሩ እንደ ዓይን ብርሃን እየተፈለገ፣ ሙያውን የተማረው ሰው ፋይል ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ምን ይባላል? አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለውታል። ዛሬ ይህ ተረት በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋ ወረዳዎች ተረት መሆኑ ቀርቶ የዕለት ኑሮ ሆኗል። የማወራው ስለ ሰመመን ሐኪሞች ነው።

ቀዶ ጥገና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቢላ የጨበጠው ሐኪም ነው። ከበሽተኛው ራስጌ ቆሞ የሚያስተኛው፣ ትንፋሹን የሚጠብቀው፣ የደም ግፊቱን የሚከታተለው፣ ሥራው ሲያበቃ የሚቀሰቅሰው ሰው ትዝ አይለንም። እሱ ከሌለ ግን ቢላው ከሳጥኑ አይወጣም። ምጥ የጠናባት እናት በኦፕራሲዮን እንድትገላገል መጀመሪያ ወገቧ ላይ መርፌ የሚሰጣት ወይም የሚያስተኛት ባለሙያ ያስፈልጋል። አንጀቱ የታጠፈው ገበሬም፣ እግሩ የተሰበረው ሹፌርም እንደዚያው።

በአገራችን ይህን ሥራ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ይሠራዋል። አንዱ ሕክምና ጨርሶ ለዓመታት በስፔሻሊቲ የሠለጠነው አንስቴዢዮሎጂስት ነው። ሌላው በዲግሪ የተመረቀው አንስቴቲስት ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከአዲስ አበባ ውጪ የአብዛኛውን ሆስፒታል ሸክም የተሸከመው አንስቴቲስቱ ነው። ስፔሻሊስቱ በቁጥር እጅግ ጥቂት ስለሆነ።

ጥቂት ስል ምን ያህል? የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪም ይኑር ይላል። በእኛ አገር ለ100,000 ሰው አንድም አይደርስም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ደቡብ ጎንደር 2,051,738 ነዋሪ ነበረው። በዚያ በድሮው ቁጥር እንኳ ቢሰላ ዞኑ 100 ያህል የሰመመን ስፔሻሊስት ሊኖረው ይገባ ነበር ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ መቶ ነው ያልኩት! የዛሬውን ሕዝብ ራስህ አስላው።

ባለሙያ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነው እንዳንል ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ደብረ ታቦርም ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አንስቴዢያም ታስተምራለች። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ አዲስ የሕክምና ትምህርት አስጀምሮ ነበር። ያኔ ፉከራው ሌላ ነበር። «አገሪቱን በሐኪም እናጥለቀልቃታለን» ተባለ። ተመራቂው ወጣ፤ መቀመጫው ግን አልተዘጋጀም። ድሮ ተመራቂ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ የሚመደብበትን አገር ያውቅ ነበር። በኋላ ያ ቀረና «ሥራ ራስህ ፈልግ» መጣ።

በቅርቡ ያነጋገርኳቸው ሁለት ወጣቶች የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ስማቸውንም የሄዱባቸውን መሥሪያ ቤቶችም አልጠቅስም። ነገ ደግሞ ደጅ ሊጠኑ ነውና። አንደኛው ስፔሻሊስት ነው። «ሆስፒታሉ ትፈለጋለህ ይለኛል፣ ጤና ቢሮው መደቡ አለ ይለኛል፣ ፋይናንሱ በጀት የለም ይለኛል። ሦስቱም እውነት ነው የሚናገሩት፤ እኔ ግን ቤት ኪራይ አለብኝ» አለኝ። ሁለተኛው አንስቴቲስት ነው። የሥራ ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ከታች «2 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ይጠብቀዋል። ኧረ ለመሆኑ ማንም ሳይቀጥረው ልምዱን ከየት ያምጣው? ከገበያ ይግዛው?

እዚህ ላይ ባለሥልጣኖቻችን የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። «ኢኮኖሚው ሁሉንም መሸከም አይችልም፤ ወጣቶቹም ገጠር መሄድ አይፈልጉም» ይላሉ። የመጀመሪያው ሰበብ አይዋጥልኝም። ልጁን ለማስተማር የወጣው የሕዝብ ገንዘብ አንዴ ወጥቷል። አሁን የሚቆጠበው ደመወዙ ብቻ ነው። በዚያ ቁጠባ የሚባክነው ግን የተማረው ሙያ ነው። ሰመመን መስጠት የእጅ ሥራ ነው፤ ዓመትና ሁለት ዓመት ካልሠሩበት ይዝጋል። የዛገ እጅ ደግሞ በተኛ ሰው ጉሮሮ ቱቦ ሲያስገባ አይታያችሁ!

ሁለተኛው ሰበብ ግማሽ እውነት አለው። ግን ገጠር ሲሉ ምን አዘጋጅተው ነው? ለአንድ ወረዳ አንድ ባለሙያ ይልካሉ። ያ ሰው ቀንም ሌሊትም፣ እሑድም በዓልም ተረኛ ነው። ቢታመም ተተኪ፣ ቢቸገር የሚያማክረው የለውም። የኦክስጅን ሲሊንደር ካለቀ፣ የደም ኦክስጅን የምትለካዋ የጣት መሣሪያ ከተበላሸች፣ እናትዬዋ እጁ ላይ ብታልፍ ተጠያቂው እሱው ነው። በዚህ ላይ የሰላሙ ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ የከተማው ሆስፒታል ተዘርፏል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስም ይዘጋል።

በ2007 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ከየአገሩ ሕዝብ ቢያንስ 80 በመቶው በ2 ሰዓት ውስጥ አስፈላጊ ቀዶ ጥገና ከሚሠራበት ቦታ መድረስ መቻል አለበት ብሎ ነበር። ከጋይንት ወይም ከስማዳ ቀበሌዎች የተነሳች ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ አስፋልት ለመድረስ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል? ደርሳ «ሰመመን ሰጪ የለም» ከተባለች ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር፣ ካልሆነም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳር። ወንዛዬ ፍል ውሃ ለቁርጥማት ደግ ነው፤ ለተጣመመ ምጥ ግን አይሆንም።

የጤና ባለሙያው አቤት አላለም እንዳይባል በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ቀርቦ ብሶቱን ተናግሯል። በግንቦት 2017 ደግሞ ደመወዛችን አላኖረንም ብሎ ሥራ ሲያቆም መልሱ ለብዙዎቹ እስር ሆነ። ታዲያ ሥራ ያለው እንዲህ ከሆነ ሥራ የሌለው ወደ ሐርጌሳና ወደ ዓረብ አገር ቢያማትር ማን ይፈርድበታል?

እኔ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት ጤና ቢሮዎች በበጀት ባስያዙት መደብ ልክ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቀዶ ጥገና ለሚሠራ ሆስፒታል ሁሉ ቢያንስ የሁለት ሰመመን ሰጪ መደብና ደመወዝ ይለቀቅ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይላክ። ሦስተኛ፣ ለጀማሪ መደብ «ልምድ» መጠየቅ ይቅር፤ በምትኩ አዲሱ ተመራቂ ከነባሩ ሥር የሚሠራበት ጊዜ ይሰጠው። አራተኛ፣ የተረኝነት ክፍያ በወሩ ይከፈል። ይህን ለመወሰን የውጭ አማካሪም፣ የአዳራሽ ስብሰባም አያስፈልግም።

የተማረው አለ፤ የታመመው አለ። በመሀል የጠፋው ፊርማ ነው። ያ ፊርማ በዘገየ ቁጥር የሚከፍለው ባለሥልጣኑ ሳይሆን በቃሬዛ ላይ ያለችው እናት ናት። ልብ ያለው ልብ ይበል!