ዘዴው ወይስ ቀመሩ?

ክላሲካዊው የዘይት ቀለም የፊት አሣሣል ለነጭ መልክ የተበጀ ነውና ለጠይም ሕዝብ ሠዓሊ አይጠቅምም የሚሉ ወገኖች አሉ። አስተሳሰቡ ለባህል መቆርቆር ቢመስልም ከእውነት የራቀ ነው።

ቬላስኬዝ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮማ ላይ የሣለው የኹዋን ዴ ፓሬኻ ምስል ማስረጃ ነው። ባለመልኩ የአፍሪካ ዘር ያለበት፣ በባርነት የሠዓሊው ረዳት የነበረ ሰው ነው። በጠይም ግንባሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ሰውን ትኩር ብሎ ከማየት የተገኘ ነው። ፓሬኻም በዚያው ዓመት የነፃነት ሰነዱ ተፈርሞለት፣ ኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆኗል።

መወገዝ የሚገባው «የሥጋ ቀለም» እየተባለ በቱቦ ሲሸጥ የኖረውን ፈዛዛ ሮዝ ለማንኛውም ፊት የሚያስቀባው የቀመር ትምህርት ነው። ተማሪው አስቀድሞ የራስ ቅሉን አቋም፣ ብርሃኑንና ጥላውን በአንድ ቡናማ ቀለም ይለይ፤ ሥሩን በስሱ ቀብቶ በላዩ ዘይት የበዛበትን ይደርብ፤ ቀለሙንም ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ይፈልግ።

ቋንቋችን ቀይ ዳማ፣ የብስል ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ የሚለየውን መልክ ብሩሻችን ሳይለየው ቢቀር፣ ተወቃሹ አስተማሪው እንጂ ዘዴው አይደለም።