«ፋሻ ብቻ ቀይርልኝ» ማለት ይብቃን

ሞያሌ ላይ ትራክተር ሲቆም መጀመሪያ የሚሰደበው ፉንዲው ነው። «ሌባ ነው፣ ሥራ አያውቅም፣ ገንዘባችንን በላ» እንላለን። እስቲ ዛሬ ስለ ራሳችን እናውራ። ፉንዲው እኮ የሠራው ያዘዝነውን ነው።

ተዋጥተን የገዛናት ማሲ ፈርጉሰን 135 ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ጀመረች። ዘይት ትበላለች ማለት ነው። ፉንዲው ሦስት ሲሊንደሩን የፐርኪንስ ሞተር ፈትቶ ለካና ካሚሻው ሞላላ ሆኖ ማለቁን አሳየን። «ካሚሻዎቹ ተጎትተው ይውጡ፣ ብሎኩ ናይሮቢ ይላክ» አለ። እኛ ተሰብስበን «ፋሻ ብቻ ቀይርልን፣ ቴስታታውንም በዚያው በአሮጌው ጓርኒሲዮን መልሰህ እሰረው» አልነው። ክብ ፋሻ በሞላላ ካሚሻ ውስጥ እንደማይገጥም ነግሮናል። ሰምተናልም። ሽልንጉን አስበን ዝም አልን።

ዝናቡ ከገባ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃ ከዘይት ተቀላቀለ፣ ብሮንዚኑ ተበላ፣ ኮሎው ተቧጨረ። ትራክተሯ የቆመችው የአንዲት እናት ማሳ እኩሌታ ላይ ነው። ቀብድ ከፍለውናል። ገንዘቡን ልንመልስ ስንሄድ «ልጆቼ፣ ብሩን ምን ላድርገው? ዘሩ እኮ ቤት ተቀምጧል» አሉን። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ የከዳው አገር ላይ ነው የምንኖረው። እዚህ የመጋቢትና የሚያዝያ እርጥበት እስኪመቸን አይጠብቅም።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን አንንቅም፤ ያልነው እኛው ነን። ግን አንዱን ሞተር ስንቴ ነው የምናስፈታው? ፋሻ፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ያው ዙር። ኮሎው ሲሄድ ከካሚሻው ዋጋ በላይ ከፈልን። መንገዱም ሰበብ አይሆነንም። ከኢሲዮሎ ወዲህ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ሳይሆን በፊት ጉዞው ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በአውቶቡስ የጫንነው ብሎክ በማግስቱ ናይሮቢ ነው።

ሁሉም ዕቃ አዲስ ይሁን አላልንም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሁን ከናይሮቢ ግሮጋን የመጣ፣ በማይክሮሜትር የተለካ አሮጌ ኦሪጅናል ኮሎ በሚያብረቀርቅ ካርቶን ከታሸገ ፎርጅድ ይሻለናል። ማሳ መሃል የፈነዳ ቱቦ በጎማና በሽቦ ጠምጥሞ ቤት መግባትም ነውር የለውም። ነውሩ ሽቦው ዓመት ሲሞላው ነው። «አገሩ ሙቅ ነው» ብለን ቴርሞስታት አውጥተን የምንጥለውስ? የአየር ማጣሪያውን ሳናጸዳ በዚህ ቀይ አቧራ የምናሳርሰውስ? አቧራው ካሚሻን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ከሁሉ የሚከፋው ሽያጩ ነው። ወፍራም ዘይት ሞልተን፣ ጭሱን ለጊዜው ደብቀን፣ ድንበር ማዶ ላለ ገበሬ «ሞተሯ ንጹህ ናት» የምንል አለን። አዎ፣ ከመካከላችን። ይሄ ንግድ አይባልም፣ ማታለል ነው። ያ ገበሬ ነገ በቦሎቄውና በከብቱ ፈንታ ከእኛ ጋር ሊነግድ የሚመጣ ሰው ነው፤ ምን ብለን ዓይኑን እናያለን?

የእኛዋ ብሎክ አሁን ናይሮቢ ናት። ተጠግና፣ ተገጥማ፣ ጥቂት ቀን በባዶ ተሞክራ እስክናያት ድረስ ከማንም የማረሻ ቀብድ አንቀበልም። ለእኚያ እናት የቀረውን ማሳ በሌላ ሰው ትራክተር አሳርሰናል፤ ሂሳቡን የከፈልነው እኛ ነን።