በሚሊዮን የተገዛ መኪና፣ በርካሽ የተነጠፈ ወለል

የመስክ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ምን ምን እንደሚያይ ገበያው ያውቀዋል። ሞተሩን ያስነሳል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ካምቢዮውን ይሞክራል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ተንበርክኮ ከሥር ዘይት መጣል አለመጣሉን ይመለከታል። በዋጋው ላይ ሦስትና አራት ቀን ይከራከራል። ክፍያው አልቆ የምንጣፍ ነገር ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። «ምንጣፍ ምንጣፍ ነው፣ ርካሹን አምጣ» ይባላል። ሻጩም ከመደርደሪያው ላይ የመጣለትን አንሥቶ ይሰጣል። ገዢና ሻጭ ተደስተው ይለያያሉ።

ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። ልኩ ያልሆነ ምንጣፍ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ሲሆን ይኸውም የወለሉን ላሜራ ማዝገት ነው። ሁለተኛው በድንገት የሚመጣ ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ፔዳል ይዞ መኪናውን አልቆምም ማሰኘት። የመጀመሪያው ኪስን ይጎዳል። ሁለተኛው ነፍስ ያጠፋል።

ይህ የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2009 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሳንዲያጎ አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ ከመኪና ሻጭ በውሰት በተሰጠው ሌክሰስ ኢኤስ 350 ሲጓዝ መኪናው አልቆም ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ የተገኘው ነገር ቀላል የሚመስል ነበር። በሹፌሩ እግር ሥር የተነጠፈው የጎማ ምንጣፍ ለዚያ መኪና የተሠራ አልነበረም፤ ከፍ ላለው አርኤክስ ለተባለው የሌክሰስ ዓይነት የተሠራ ነበር። በማያዣው አልተያዘም፤ ነዳጅ መስጫውንም ይዞት ነበር። ቶዮታ በሚቀጥለው ወር ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች የሹፌሩን ምንጣፍ አንሥተው እንዲያወጡ አሳሰበ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኩባንያው ደንበኞቹን በደህንነት ጉዳይ አሳስቷል በሚል ለቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ያ ምንጣፍ ርካሽ ወይም የተጭበረበረ ዕቃ አልነበረም። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ጥራት ያለው ጎማ ነበር። ጥፋቱ ቦታው አለመሆኑ ነው። እንግዲህ የምንጣፍ የመጀመሪያ ጥያቄ ጥራት ሳይሆን ልክ ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ገበያ ግን ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ አይጠይቅም።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ተክለሃይማኖት አካባቢ ሄዶ «የላንድክሩዘር ምንጣፍ» ማለት «የሰው ጫማ ስጠኝ» እንደማለት ነው። የትኛው ላንድክሩዘር? በተለምዶ ሃርድቶፕ የሚባለው የ70 ተከታታይ አለ፣ ፕራዶ አለ፣ 80 አለ፣ 100 አለ፣ 200ና 300 አሉ። የአንዱ ወለል ከሌላው አይገጥምም። ካምቢዮው ማንዋል ከሆነ ሦስት ፔዳል፣ አውቶማቲክ ከሆነ ሁለት ፔዳል ነው፤ የምንጣፉ አቆራረጥም በዚያው ይለያል። ከሁሉ የሚብሰው የመሪው ነገር ነው። በኢትዮጵያ መሪው በግራ ነው። ለጃፓን፣ ለእንግሊዝ ወይም ለኬንያ ገበያ የተቆረጠ ምንጣፍ የሹፌሩ በቀኝ በኩል ነው። በማሸጊያው ላይ የሞዴሉ ስም በትክክል ተጽፎ እንኳ ዕቃው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከቤቱ ሲወጣ አራት ነገር ይዞ መውጣት አለበት፤ የሞዴሉን ተከታታይ፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የካምቢዮውን ዓይነትና የመሪውን ጎን።

ልኩ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። እዚህ ላይ መልሱ በመኪናው ሥራ ይወሰናል። ከቦሌ ፒያሳ ብቻ ለሚመላለስ መኪና የሞኬት ምንጣፍ አይከፋም። ድምፅ ይቀንሳል፣ ያምራል። በክረምት ወደ ገጠር ለሚወጣ መኪና ግን ሞኬት ውኃ የሚጠጣ ስፖንጅ ነው። የመረሬ አፈር ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ከደረቀ በኋላ ከሞኬት ፀጉር ውስጥ በብሩሽም አይወጣም። ወደ አፋር ጨው ሜዳ ለሚመላለስ መኪና ደግሞ በጫማ የሚገባው ጨው እርጥበት እየሳበ ላሜራውን ይበላዋል። እንዲህ ላለው ሥራ የሚሻለው ጠርዙ ከፍ ያለ፣ እንደ ትሪ ውኃና ጭቃ የሚይዝ የጎማ ምንጣፍ ነው።

ጎማ ሲባልም አንድ አይደለም። እውነተኛው ጎማ ከባድ ነው፤ ክብደቱም ወለሉ ላይ አስተኝቶ ስለሚይዘው በጎ ነገር ነው። ነዳጅና ዘይት ሲፈስበት ግን ይጎዳል። በገበያው ጎማ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይሸታል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። የተጠቀለለ ጠርዝ ደግሞ በቀጥታ ወደ ፔዳሉ የሚሄድ ጠርዝ ነው። ቲፒኢ የሚባለው አዲሱ ዓይነት በመኪናው ወለል ቅርፅ ተቀርፆ የሚመጣ፣ ቀላልና ሽታ የሌለው ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀላል በመሆኑም ያለማያዣ ፈጽሞ መነጠፍ የለበትም። ሻጭ ፊት ቆሞ ለመለየት ምንጣፉን አጥፎ መልቀቅ ይበቃል። ደህናው ወዲያው ይዘረጋል፤ መናኛው እንደታጠፈ ይቀራል ወይም በታጠፈበት መስመር ይነጣል።

ነጋዴዎቹ በበኩላቸው የሚሉት አላቸው። ገዢው ልኩን ሳይሆን ዋጋውን ስለሚጠይቅ እነሱም በልክ ከፋፍለው ቢያመጡ ዕቃው ሳይሸጥ ይቀርባቸዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል። ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባለውና በመቀስ የሚቆረጠው ምንጣፍ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ክርክራቸው እውነትነት አለው። ነገር ግን ያው የምንዛሪ ለውጥ የመኪናውንም ዋጋ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለ የመስክ መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይለወጣል። የዛገ ወለል ግን እየተቆረጠ ሲበየድ የሚኖር በሽታ ነው። በምንጣፍ ቆጥቦ ወለል ማጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ከሚባለው አይለይም።

የአያያዙ ነገር ከአገዛዙ የባሰ ነው። ብዙ ሰው መኪናው አዲስ ሆኖ እንዲቆይ ብሎ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ከወለሉ ላይ አያነሳም። ላስቲኩ አቧራ ይከላከላል፤ ከሥሩ የገባውን እርጥበት ግን አያስወጣም። ወለሉም ሳይታይ ይዝጋል። ሌላው በሞኬቱ ምንጣፍ ላይ የጎማ ምንጣፍ ደርቦ ይነጥፋል። የተደረበ ምንጣፍ በማያዣው አይያዝም፤ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ላቫጆ ቤት ደግሞ መኪናው ታጥቦ ሲወጣ ለአክብሮት ተብሎ በሹፌሩ እግር ሥር ካርቶን ወይም ጋዜጣ ይነጠፋል። ባለመኪናው ካርቶኑን ይዞ ሳምንት ይነዳል። ከፍሬን ሥር ተጣጥፎ የገባ ካርቶን ግን ጨዋታ አይደለም።

በዚሁ በላቫጆ ምንጣፉ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ የጎማ ቀለም ወይም ናፍታ ይቀባል። ያብረቀርቃል፣ እርግጥ ነው። የሹፌሩም ጫማ ከፍሬኑ ላይ ይንሸራተታል። ምንጣፍ የሚፈልገው ውኃ፣ ብሩሽና ጥቂት ሳሙና ብቻ ነው። ከመኪናው ወጥቶ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ የታችኛው ፊቱ ሳይደርቅ አይመለስም። በሳምንት አንድ ጊዜ አውጥቶ ማራገፍም ያስፈልጋል፤ ከምንጣፉ ሥር የገባ አሸዋ በረገጡት ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ወለሉን ይፍቃልና።

ወንዝ የተሻገረ መኪና ሌላ ሕግ አለው። ውኃ ከገባ ምንጣፉን ብቻ ሳይሆን ከሞኬቱ ሥር ያለውን ስፖንጅ አንሥቶ ማድረቅ ግድ ነው። ላዩ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ስፖንጁ ግን ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ይቆያል። አንዳንድ የመስክ መኪኖች፣ ለምሳሌ ጂፕ ራንግለር፣ ወለላቸው ላይ ውኃ የሚወጣበት ባለ ክዳን ቀዳዳ አላቸው። ወንዝ ሳይሻገሩ የረጠበ ወለል ከተገኘ ደግሞ ጥፋቱ ከሌላ ቦታ ነው። የኤሲው ውኃ መውጫ ተደፍኖ፣ የበር ጎማ ተበልቶ ወይም የማሞቂያው ራዲያተር አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በጉም የሚሸፈን መኪና ብዙ ጊዜ እየተናገረ ያለው ይህንኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሰሚ ካገኘ በጥቂት ወጪ ይድናል።

የሹፌሩን ምንጣፍ መፈተሽ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ሞተር ጠፍቶ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ይለቀቃል። ፍሬኑና ፍሪሲዮኑም እንደዚሁ። አንዱ እንኳ የምንጣፉን ጠርዝ ከነካ ምንጣፉ የዚያ መኪና አይደለም። ማያዣ መንጠቆዎቹ መግባታቸውም ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ መታየት አለበት። በጉዞ ላይ ፔዳሉ ተይዞ ከቀረ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ምንጣፍ ሊጎትት አይገባም። ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይመታ አጥብቆ ይረግጣል፣ ማርሹን ፎሌ ያደርጋል፣ ከመንገዱ ዳር ይይዛል፣ ከቆመ በኋላ ሞተሩን ያጠፋል። ይህን እያንዳንዱ የመስክ ሹፌር በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

የመጨረሻው ወቀሳ ብዙ መኪና ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ «የመኪና ምንጣፍ፣ ብዛት ይህን ያህል» ተብሎ ሲጻፍ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ሹፌሩ የተሰጠውን ያነጥፋል። አደጋ ቢደርስ ግን የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው እንጂ ሰነዱን ያዘጋጀው አይደለም። ሞዴልና ዓመት፣ የካምቢዮ ዓይነት፣ የመሪ ጎንና ማያዣ የሚሉ አራት ቃላት በሰነዱ ላይ መጨመር ከአንድ መስመር አይበልጥም። ቦሎ ለመለጠፍ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም የሹፌሩን ምንጣፍ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፍሬኑ ይሠራል ተብሎ የተመሰከረለት መኪና ፍሬኑን የሚከለክል ምንጣፍ ይዞ ከወጣ የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ገዢው ልኩን መጠየቅ ሲጀምር ነጋዴው ልኩን ማምጣት ይጀምራል። ገበያ የሚታዘዘው ለጠያቂው ነው። እስከዚያው ድረስ ርካሽ ምንጣፍ የገዛ ሰው ሒሳቡን የዘጋ ይመስለዋል እንጂ ገና ዕዳ መክፈል አልጀመረም።